በአዘዞና በደንቀዝ የግንብ ፍርስራሽ መካከል

ነገሩን የጀመረልን አንድ የዳሪሙ ተማሪ ነው። በታሪክ ትምህርት ሰዓት ስለ ጎንደር ቤተ መንግሥት ስናስረዳ ቈይተን፥ ሥዕሉንም ከፍ አድርገን ካሳየን በኋላ፥ ልጁ እጁን አወጣና «መምህር፥ የእኛ አገር ግንብስ የት አለ?» ሲል ጠየቀን። ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛ ግን አልሳቅንም፤ መልስም አልሰጠነውም፤ የሚሰጥ መልስ በእጃችን አልነበረምና።

ዳሪሙን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል። ከመቱ በስተ ሰሜን የሚገኝ፥ ቡና በትልልቅ ዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅልበት፥ ዝናም የማይለየው የኢሉባቦር ወረዳ ነው። ቤት የሚሠራው በምሰሶ፥ በማገርና በጭቃ ነው። ባለቤቱ የለቀቀው ቤት ጥቂት ክረምት ካለፈበት ምስጥና ዝናም ተካፍለው ይጨርሱታል፤ ከዚያ በኋላ ቊጥቋጦ ይወጣበታል፤ ከዚያም ዱር ይሆናል። የአያቱን ቤት ሥፍራ በጣቱ ጠቁሞ ማሳየት የሚችል ሰው ብዙ አይገኝም። በእንዲህ ያለ አገር ያደገ ልጅ፥ ታሪክ ማለት የድንጋይ ክምር ነው፤ ድንጋይ የሌለው አገርም ታሪክ የለውም ብሎ ቢያስብ፥ ጥፋቱ የእርሱ ሳይሆን እንደዚያ አድርገን ያስተማርነው የእኛ ነው።

ስለዚህ አራት መምህራን ሆነን በጥር ወር 2010 ዓመተ ምሕረት፥ የጠየቀንን ግንብ ራሱን ለማየት ተነሣን። በተለይም የውጭ አገር ሊቃውንት ቈፍረው ያጠኑትን ሥፍራ ለመመልከት ፈለግን፤ ቆሞ የሚታየውን ግንብ ማንም ያየዋል፤ ከመሬት በታች የተገኘው ግን ምን እንደሚናገር ማወቅ ሌላ ነገር ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱትን የታሪክ ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ጽፈናቸዋል።)

የመንገዱን ድካም አንተርክም። በበደሌና በጅማ በኩል አዲስ አበባ ደረስን፤ የዓባይን በረሓ ወርደን ወጣን፤ ባሕር ዳርንም አልፈን ወደ ጎንደር አቀናን። እምፍራዝ ስንደርስ በስተ ቀኝ በኩል ባለው ኮረብታ ላይ የጉዛራ ግንብ ታየን። መኪናው እንዲቆም ለምነን ወጣን። ይህ ግንብ በልማድ የአፄ ሠርፀ ድንግል ነው ይባላል፤ እኒህ ንጉሥ ከ1563 እስከ 1597 የነገሡ ናቸው። እንደዚያ ከሆነ ከጎንደር ግንቦች ሁሉ ቀደም ያለ፥ የኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያንም የግንብ ሥራ ከመጀመራቸው በፊት የቆመ ነው ማለት ነው። አንዳንድ ሊቃውንት ግን የአሠራሩን ዓይነትና የድንጋዩን ማያያዣ ኖራ አይተው፥ የለም፥ ይህ በአፄ ፋሲል ዘመን የተሠራ ነው ይላሉ። እኛ በዚያ ቀን በመካከላቸው ለመፍረድ አልደፈርንም፤ ግንቡ ሥር ቆመን የጣናን ሐይቅ ብቻ ተመለከትን። ነገር ግን «ኖራ» የምትለው ቃል በልባችን ቀረች፤ ኋላ እንደምንለው፥ የነገሩ ሁሉ ቊልፍ እርስዋ ሆና ተገኘች።

አዘዞ ጎንደር ከመድረስ በፊት የምትገኝ ናት። ከዋናው መንገድ ወጣ ብሎ፥ ዛፍ በከበበው ኮረብታ ላይ የተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን አለ። ሥፍራው ቀድሞ ገነተ ኢየሱስ ይባል ነበር። ከ1607 እስከ 1632 የነገሡት አፄ ሱስንዮስ ለሚሲዮናውያኑ የሰጡት፥ እነርሱም ቤተ ክርስቲያንና መኖሪያ የሠሩበት፥ ንጉሡም አትክልት ያስተከሉበትና በኋላ የተቀበሩበት ሥፍራ ይህ ነው። አንድ አረጋዊ ካህን ተቀበሉን፤ ከየት እንደ መጣን ጠይቀውን «ከኢሉባቦር» ባልናቸው ጊዜ ተገርመው «ልጆቼ፥ ይህን ፍርስራሽ ለማየት ይህን ያህል መንገድ?» አሉን። ከዚያም መቋሚያቸውን ይዘው ራሳቸው መሩን።

በዚህ ሥፍራ የተቈፈረው በስፔን አገር ከማድሪድ የኮምፕሉተንሴ ዩኒቨርሲቲ በመጡ ሊቃውንት ነው። መሪያቸው ቪክቶር ፈርናንዴዝ ይባላሉ። ከ2006 እስከ 2014 ድረስ በጣና ዙሪያና በጎጃም ያሉትን የሚሲዮናውያን ሥፍራዎች፥ አዘዞን፥ ደንቀዝን፥ በጎርጎራ ያለውን የማርያም ግንብን፥ ደብሳንን፥ ሠርቃንና መርጡለ ማርያምን ለኩ፥ ነደፉ፤ በአዘዞም በሰፊው ቈፈሩ። የሥራቸውንም ውጤት በ2017 በላይደን ከተማ ባሳተሙት መጽሐፍ ገልጸዋል። ስለ ስፔኖቹ አንድ የሚያስደስት ነገር አለ፤ ከሚሲዮናውያኑ ሁሉ ስሙ የታወቀው አባ ፔድሮ ፓኤዝ ብዙዎቻችን እንደምናስበው ፖርቱጋላዊ ሳይሆን ከማድሪድ አጠገብ ካለች አንዲት መንደር የተወለደ ስፔናዊ ነበር። በ1603 ወደ ኢትዮጵያ ገባ፤ በ1618 የግሽ ዓባይን ምንጭ አየ፤ በ1622 ጎርጎራ ላይ ሞተ። ስለዚህ ቈፋሪዎቹ የመጡት የአገራቸውን ሰው ዱካ ለመከተልም ጭምር ነበር ማለት ይቻላል።

አባታችን ቈፋሪዎቹን በዓይናቸው አይተዋቸዋል። መጀመሪያ ያስገረማቸው፥ ሰዎቹ በዶማ ሳይሆን በትንሽ ማንኪያ መሰል ብረትና በብሩሽ መቈፈራቸው ነው። መሬቱን በገመድ አራት ማዕዘን አራት ማዕዘን አድርገው ይከፋፍሉታል፤ አፈሩን በየድርቡ ይገልጡታል፤ የወጣውን አፈር ደግሞ በወንፊት ይነፉታል። «እንደ ጤፍ ነው የሚነፉት፤ የሚጥሉት ግን ጤፉን ነው፤ የሚያስቀምጡት እንክርዳዱን ነው» አሉን። ይህን አባባል ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ገለጻ አስበልጠን ይዘነዋል። በእውነትም የቁፋሮ ሊቅ የሚያስቀምጠው ሌላው ሰው የሚጥለውን ነው፤ የሸክላ ስባሪ፥ ከሰል፥ የከብት አጥንት፥ የኖራ ቅርፊት። ከሁሉም በላይ የሚጠብቀው ነገሩ የተገኘበትን ድርብ ነው። ስባሪው ከግንቡ መሠረት በታች ከተገኘ ከግንቡ ይቀድማል፤ ከፈረሰው ጣሪያ በላይ ከተገኘ ከመፍረሱ በኋላ የመጣ ነው። ከድርቡ የተነጠቀ ዕቃ ግን ወርቅም ቢሆን ዲዳ ነው።

በዚህ ዘዴ የቤተ ክርስቲያኑ መሠረት፥ የመኖሪያው ክፍሎች፥ ግቢውን የከበበው ወፍራም ቅጥርና ማማዎቹ ተለይተው ታወቁ። ከፍርስራሹም መካከል ባለ ብዙ ቅጠል የአበባ ቅርጽ የተፈለፈለባቸው ድንጋዮች ወጡ። በንጉሡ አትክልት ቦታ ውስጥም የውኃ ገንዳ ነበረ፤ የጎንደርን የፋሲል መዋኛ ያየ ሰው የአዘዞውን ገንዳ ወሬ ሲሰማ፥ ልጅየው ከአባቱ የተማረውን እንደ ደገመ ይገባዋል። የተቈፈረው ጉድጓድ አብዛኛው ተመልሶ ተደፍኗል። ይህ ግድ የሌላቸው ስለሆኑ የተደረገ አይደለም፤ ዝናምና ፀሐይ እንዳያፈርሱት የቁፋሮ ሥርዓት የሚያዝዘው ጥበቃ ነው። እኛ ግን የማየት ጉጉት ይዞን ስለ ነበር፥ የተሸፈነውን መሬት እየረገጥን ስናልፍ ትንሽ ቅር አለን።

በማግሥቱ ወደ ደንቀዝ ወጣን። ደንቀዝ ከጎንደር በስተ ደቡብ ምሥራቅ፥ ነፋሱ የሚቈርጥ ደጋ ላይ ናት። የዳሪሙን ሙቀት የለመድን ሰዎች ጋቢ ተውሰን ብንለብስም ብርዱን አልቻልነውም። አፄ ሱስንዮስ በንግሥናቸው በኋለኛው ዘመን ዋና ከተማቸው አድርገው የተቀመጡት በዚህ ነው። የቤተ መንግሥቱ ግድግዳ በከፊል ቆሟል፤ አጠገቡም የቤተ ክርስቲያኑ ፍርስራሽና ከመሬት በታች በግንብ ቅስት የተሸፈነ የውኃ ማጠራቀሚያ አለ። ወደ ማጠራቀሚያው በደረጃ ወርደን፥ በጨለማው ውስጥ እጃችንን ግድግዳው ላይ አድርገን ኖራውን ዳሰስነው። አራት መቶ ዓመት ሊሞላው ጥቂት የቀረው ኖራ ጥፍር አላስገባ አለን።

በየካቲት ወር 1626 ንጉሡ፥ ልጃቸውና መኳንንቱ ለሮም ፓፓ በይፋ የታዘዙት በዚሁ በደንቀዝ ነው፤ ቃሉን የተቀበለው ከፖርቱጋል የተላከው ፓትርያርክ አፎንሶ ሜንዴዝ ነበር። ከዚያ በኋላ የሆነውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል፤ ሕዝቡ ተነሣ፥ ወንድም ከወንድሙ ተዋጋ፥ በወይና ደጋ ጦርነት እጅግ ብዙ ገበሬ አለቀ፤ ንጉሡም በሰኔ 1632 የአባቶቻችሁን ሃይማኖት መልሰናል ብለው ዐዋጅ አስነገሩ፥ መንግሥቱንም ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ፥ በዚያው ዓመት በመስከረም ወር ሞቱ። ይህን ሁሉ በመጽሐፍ አንብበነው ነበር። በዚያ ፍርስራሽ ላይ ቆመን ስናስበው ግን ሌላ ነገር ታየን፤ ከንጉሡ ሞት በኋላ አፄ ፋሲል በ1636 ገደማ ጎንደርን ሲቈረቊሩ ደንቀዝን ሲለቁ፥ ይህ ሁሉ ግንብ የተሠራው ለጥቂት ዓመት ብቻ ሆኖ መቅረቱ ነው። ከዳሪሙ የእንጨት ቤት ብዙም ዕድሜ ሳይኖርበት ባዶ ቀረ።

አሁን ወደ ኖራው እንመለስ። ከልጅነታችን ጀምሮ «የጎንደርን ግንብ የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው» ሲባል ሰምተን አድገናል፤ እኛም ራሳችን አስተምረናል። በ1541 ከክሪስቶቮ ዳ ጋማ ጋር አራት መቶ ፖርቱጋላውያን መምጣታቸው፥ ሚሲዮናውያኑም በ1557 መግባታቸው ለወሬው መነሻ ሆነ። ነገር ግን ዘመኑን እንቊጠር። ሚሲዮናውያኑ ከአገር የተባረሩት በ1633ና በ1634 ነው። የጎንደር የፋሲል ግንብ ግን የተሠራው እነርሱ ከሄዱ በኋላ ነው። በ1648 ከየመን ኢማም ተልኮ ጎንደር የመጣው አምባሳደር ሐሰን አልሐይሚ የንጉሡን ግንብ አይቶ፥ የሠራው ህንዳዊ ግንበኛ እንደ ሆነ ጽፏል። ሚሲዮናውያኑ ራሳቸውም ለኖራ የሚሆን ድንጋይ በኢትዮጵያ የታወቀው በ1620ዎቹ እንደ ሆነ፥ ያወቀውም ከህንድ የመጣ ሰው እንደ ነበር ጽፈዋል። ድንጋዩን በእሳት አቃጥሎ፥ ውኃ አጠጥቶ፥ ከአሸዋ ጋር ለውሶ ግድግዳ ማያያዝ ከተቻለ በኋላ ቅስትና ጕልላት መሥራት ቀላል ሆነ፤ በጭቃ ብቻ ግን እንደዚያ ያለ ጣሪያ አይያዝም። በአዘዞ የተገኘው የአበባ ቅርጽ ለህንድ ጠራቢዎች ሥራ እንደሚቀርብ ሊቃውንቱ ይናገራሉ። ድንጋዩን ከተራራው የፈለጡት፥ በትከሻቸው የተሸከሙት፥ ኖራውን ያቃጠሉት፥ ግድግዳውንም ረድፍ በረድፍ ያነሡት ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ሚሲዮናውያኑ ከሄዱ፥ የመጀመሪያዎቹም የህንድ ግንበኞች ካለፉ በኋላ፥ በጎንደር ከመቶ ዓመት በላይ ግንብ በግንብ ላይ ሲነሣ የሠራው ማን ነው? አፄ ኢያሱ ባስገነቡት፥ እቴጌ ምንትዋብ ባሠሩት ቤት ላይ የማን እጅ ነበር? ጥበቡን የተማረው፥ የራሱ ያደረገው፥ ለልጁም ያስተላለፈው ኢትዮጵያዊ ግንበኛ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ስሙን የጻፈለት ግን የለም። ይህን ስናስተውል፥ በክፍል ውስጥ በልበ ሙሉነት ያልነው ዐረፍተ ነገር አሳፈረን።

ደንቀዝ ላይ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከብት እየጠበቁ አገኘን። ከግድግዳው ሥር አዲስ የተማሰ ጉድጓድ አይተን ነበርና «አባቴ፥ ይህን ማን ቈፈረው?» ብንላቸው፥ «ወርቅ ፈላጊ ነዋ! ሌሊት መጥቶ ይቈፍራል። የንጉሥ ቤት ባዶ አይሆንም ይላሉ» አሉን። ጉድጓዱ የግድግዳውን መሠረት ነክቶ ነበር። ስለ ድርብ የሰማነውን ለሽማግሌው ልንነግራቸው ሞከርን፤ እርሳቸውም በትዕግሥት ሰምተውን፥ «ታዲያ ወርቁ የት ገባ?» ብለው መልሰው ጠየቁን።

የሽማግሌው ጥያቄ መልስ አለው፤ መልሱም እኛን ወደ አገራችን መለሰን። የነገሥታቱ ወርቅ ብዙው ከየት ይመጣ ነበር? ከእናርያ ነው። እናርያ ከኢሉባቦር ምድር በዴዴሳ ወንዝ ማዶ፥ በኋላ ሊሙ በተባለው አገር የነበረ ጥንታዊ መንግሥት ነው። በወርቁ የታወቀ ስለ ነበር፥ ለክርስቲያኖቹ ነገሥታት ግብር ይከፍል ነበር። አፄ ሠርፀ ድንግል በ1580ዎቹ ወደዚያ ዘምተው የእናርያን ገዥ ክርስትና አስነሡት። በአፄ ሱስንዮስ ዘመንም የእናርያ ወርቅ በወቄት እየተመዘነ ወደ ንጉሡ ቤት ይሄድ ነበር፤ ምንም እንኳ መጠኑ ከቀድሞው እያነሰ እንደ ሄደ ሚሲዮናውያኑ ቢጽፉም። በ1613 ከእነርሱ አንዱ አንቶኒዮ ፈርናንዴዝ ከንጉሡ መልእክተኛ ጋር ሆኖ ወደ ህንድ ውቅያኖስ የሚያወጣ መንገድ ፍለጋ በእናርያ አለፈ፤ ከዚያ የየምን አገርና ከምባታን አቋርጦ አላባ ላይ ታስሮ ተመለሰ። እንግዲህ ወርቁ ከፍርስራሹ በታች ተቀብሮ የቀረ አይደለም፤ ከደቡብ ምዕራብ ጫካ መጥቶ ለወታደሩ፥ ለመኳንንቱና ለቤተ መንግሥቱ ሥራ የወጣ ነው።

ሌላም አለ። አፄ ሱስንዮስ በወጣትነታቸው በኦሮሞዎች ተማርከው ከእነርሱ ጋር ኖረዋል፤ ቋንቋቸውንና የጦር ስልታቸውንም ከእነርሱ ተምረዋል። ወደ ዙፋን ለመውጣት በተዋጉበት ጊዜም የኦሮሞ ጭፍሮች ተከትለዋቸዋል። የደንቀዝን ግንብ እንደ ሩቅ አገር ተረት ያይ የነበረ የዳሪሙ ልጅ፥ በዚያ ግንብ ውስጥ የተቀመጠው ሰው የእናቱን ቋንቋ ይናገር እንደ ነበር ቢሰማ ምን ይል ይሆን እያልን ከተራራው ወረድን።

በመልስ መንገዳችን ላይ የተነጋገርነው ግን ስለ ግንብ አልነበረም። ከመካከላችን አንዱ፥ ከፋ ድንበሩን የሚጠብቀው በጥልቅ ቦይ እንደ ነበረ፥ የጊቤ መንግሥታትም በድንበራቸው ላይ ሰው የማይሰፍርበት ባዶ መሬትና ኬላ እንደ ነበራቸው አነሣ። ቦይ ደግሞ ሊቈፈርና ሊነበብ የሚችል ነገር ነው፤ የእንጨት አጥርም እንዲሁ። እንጨቱ ቢበሰብስ የቆመበት ጉድጓድ በሌላ አፈር ይሞላል፤ ያም አፈር ጠቆር ብሎ ለዓይን ይለያል። የቁፋሮ ሊቃውንት የምሰሶ ጉድጓዶችን ተከትለው ሣር ክዳን የነበረውን ቤት ስፋት ይለካሉ፤ ምድጃውን ያገኛሉ፤ ከምድጃው ከሰል ዘመኑን ያወጣሉ። በአገራችን የአርኪዎሎጂ ጥናት በመንግሥት ድርጅት ደረጃ የተጀመረው በ1952 ነው፤ ከዚያ ወዲህ ዋናው ጥረት ያተኰረው በሰሜኑ ድንጋይ ላይ ነው። ድንጋዩ ይገባዋል፤ አንቀናም። ነገር ግን በእኛ በኩል ያለው መሬት የተዘነጋው ባዶ ስለ ሆነ ሳይሆን የሚታይ ነገር ስለማያወጣ ነው፤ እነዚህ ሁለቱ ደግሞ አንድ አይደሉም።

ዳሪሙ በደረስን በወሩ አንድ ነገር ሆነ። ተማሪዎች ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ለችግኝ የሚሆን ጉድጓድ ሲያዘጋጁ፥ ያ ጥያቄ የጠየቀን ልጅ እየሮጠ መጥቶ ጠራን። ሣሩ በተነሣበት ቀይ አፈር ላይ ጥቁር ጥቁር ነጥቦች ክብ ሠርተው ይታዩ ነበር። የሸክላ ስባሪና ከሰልም ወጥቷል። ከዚያ በፊት ብናየው ኖሮ የፍልፈል ጉድጓድ ነው ብለን እናልፈው ነበር። ልጆቹ ጠልቀው ሊቈፍሩ ተነሥተው ነበር፤ ከለከልናቸው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ያለ ፈቃድ ቅርስ ለማግኘት መቈፈር ክልክል መሆኑን፥ ከሕጉም በላይ ያለ ዕውቀት የተቈፈረ መሬት ሁለተኛ እንደማይነበብ ነገርናቸው፤ የደንቀዙንም የሌሊት ጉድጓድ ተረክንላቸው። ከዚያ በሜትር ለካን፥ በወረቀት ነደፍን፥ ስባሪውን በነበረበት ትተን አፈሩን መለስንበት፤ ለሚመለከተው የባህል ጽሕፈት ቤትም ደብዳቤ ጻፍን። ችግኙን ወደ ሌላ ሥፍራ አዛወርነው።

አፈሩን ከመመለሳችን በፊት ልጁ በክቡ ዙሪያ ቀስ ብሎ እየሄደ ነጥቦቹን ቈጠረ፤ ዐሥራ አንድ ነበሩ። ከዚያ በምሥራቅ በኩል፥ በሁለት ነጥቦች መካከል ከሌላው ሰፋ ባለው ቦታ ላይ ቆመና «መምህር፥ በሩ እዚህ ነበር» አለን።